«ፀሐይ በበረታ ቁጥር ተክሉ ይጠግባል»፦ ስለ ቅጠልና ኃይለኛ ብርሃን የሚነገሩ ስህተቶች

ብዙው ስህተት የሚመነጨው ቅጠልን እንደ ሶላር ፓነል ከመቁጠር ነው፤ የወረደበትን ብርሃን ሁሉ ወደ ምግብ የሚቀይር ሰሌዳ ይመስለናል። ገላጣ ቦታ ላይ ያለ ቅጠል ግን የእኩለ ቀንን ሰዓት በአብዛኛው የሚያሳልፈው የተረፈውን ብርሃን በመጣል ነው።

«ፀሐይ በበረታ ቁጥር ብዙ ምግብ ይሠራል»

እስከ ልኩ ድረስ ብቻ። ሰማዩ ጥርት ባለበት እኩለ ቀን፣ አንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ ለብርሃን አስተጻምሮ (በብርሃን ምግብ ለመሥራት) የሚውል 2,000 ማይክሮሞል ገደማ ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ያርፋል። የብዙ ተክሎች ነጠላ ቅጠል ግን ከ500 እስከ 1,000 ባለው መጠን ይጠግባል፤ ጥላ ውስጥ ያደገ ቅጠል 200 ገደማ ላይም ሊበቃው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ማነቆው ብርሃን አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም አቅምና በስቶማታ፣ ማለትም በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ የሚገባው ጋዝ መጠን ነው።

ብርሃን የሚቀበለው አረንጓዴ ቀለም ክሎሮፊል ግን ቅጠሉ ጠገበ ብሎ ብርሃን መቀበሉን አያቆምም። ሥራ ያጣው ጉልበት ወደ ኦክስጅን ከተሻገረ ኦክስጅኑ ያገኘውን ፕሮቲንና ቅባት የሚያበላሽ ዓይነት ይሆናል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

«ቅጠል መሸሽ ስለማይችል ዝም ብሎ ይቃጠላል»

ይሸሻል እንጂ። ክሎሮፊልን የያዙት የሴሉ ክፍሎች፣ ክሎሮፕላስቶች፣ በደብዛዛ ብርሃን ከሴሉ ገጽ ላይ ተነጥፈው ይቀመጣሉ፤ ብርሃኑ ሲበረታ ወደ ጎን ግድግዳዎቹ ሄደው አንዱ በሌላው ጥላ ይደረደራሉ። ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ሰማያዊ ብርሃንን የሚለይ ፎቶትሮፒን የተባለ ፕሮቲን ነው። በዓይን ማየት ከፈለጉ ስስ ቅጠል ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ጠባብ ወረቀት አስረው ለአንድ ሰዓት ያህል ኃይለኛ ብርሃን ላይ ያቆዩት። ወረቀቱ ሲነሳ ሥሩ የነበረው መስመር ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ዙሪያው ደግሞ ገርጣ ያለ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ክሎሮፊሉ አልጠፋም፤ ቦታ ነው የቀየረው። ልዩነቱ በወፍራም ቅጠል ላይ ብዙም አይታይም።

ከዚህ የሚፈጥነው መከላከያ ግን በዓይን አይታይም። ጉልበት ሲከማች በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ያሉት ከረጢቶች አሲድነት ይጨምራል። ይህን ፒኤስቢኤስ የሚባል ፕሮቲን ያነብና በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ የተረፈው ጉልበት ሙቀት ሆኖ እንዲወጣ ያደርጋል። ያው አሲድነት ቪዮላዛንቲን የተባለውን ቢጫ ቀለም ወደ ዚያዛንቲን የሚለውጠውን ኢንዛይም ያነቃል፤ ዚያዛንቲን ደግሞ ጉልበት የመጣሉን ሥራ ያጠናክራል።

«መከላከያው ምንም አያስከፍልም»

ያስከፍላል። ጉልበት የሚጥለው ይህ መከላከያ እንደ ፍሬን ነው፤ ቶሎ ይያዛል፣ ሲለቀቅ ግን ይዘገያል። ደመና ሲጋርድ ወይም የላይኛው ቅጠል ጥላ ሲጥል የታችኛው ቅጠል ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሚያስፈልገውን ብርሃን እየጣለ ይቆያል። በ2016 የታተመ ጥናት ይህን መልቀቂያ የሚያፋጥኑ ሦስት ጂኖች ትንባሆ ውስጥ ሲጠናከሩ ማሳ ላይ የተክሉ ደረቅ ክብደት ወደ 15 በመቶ ገደማ እንደጨመረ አሳይቷል። ስለዚህ ሰብል ምርት የሚያጣው በፀሐዩ ብቻ አይደለም፤ ፀሐዩ ሄዶም ያጣል።

«አንዴ የተጎዳ ቅጠል አለቀለት»

የብርሃን ጉዳት በደብዛዛ ብርሃንም የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ብርሃን የሚቀበለው ፎቶሲስተም 2 የተባለ የፕሮቲን ስብስብ እምብርት የሆነው ዲ1 ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይበላሻል፣ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል። ችግር የሚሆነው መበላሸቱ ጥገናውን ሲቀድም ነው። ባለሙያዎች ቅጠሉን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አቆይተው በፍሎረሰንስ መሣሪያ (ክሎሮፊሉ መልሶ የሚያወጣውን ደካማ ብርሃን በሚያነብ) የብርሃን አጠቃቀም ብቃቱን ይለካሉ፤ የጤናማ ቅጠል ንባብ 0.83 ገደማ ነው። ቀትር ላይ ቢወርድና ንጋት ላይ ቢመለስ ጥገናው እየሠራ ነው። ፀሐይ ሳትወጣም ዝቅ ብሎ ከተገኘ ግን ያሳስባል።

«የሚጎዳው ሙቀቱ ነው፤ ሲበርድ ስጋት የለም»

ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ማለዳ ከሞቃት ቀን የባሰ ሊሆን ይችላል። ብርዱ ኢንዛይሞችንም የዲ1 ጥገናንም ያዘገያል፤ ክሎሮፊል ግን ብርድ ሳይበግረው ብርሃን ይቀበላል።

«ውሃ ያረፈበት ቅጠል እንደ ማጉያ መነጽር ይቃጠላል»

ለስላሳ ቅጠል ላይ የተነጠፈ ጠብታ ብርሃኑን የሚያሰባስበው ከቅጠሉ በታች ርቆ ስለሆነ አያቃጥልም። ጠብታውን ከገጹ ከፍ አድርገው የሚይዙ ውሃ ገፊ ፀጉሮች ያሏቸው ቅጠሎች ላይ ግን ሊሆን ይችላል።

«ቀይ ለጋ ቅጠል ታሟል»

እንደ ማንጎ ባሉ ዛፎች ላይ የተለመደ ነው። ቀዩ ቀለም አንቶሲያኒን ሲሆን የቅጠሉ ማሽን እስኪደራጅ ከፊሉን ብርሃን ይጋርዳል። ቅጠሉ ሲጎለምስ ይጠፋል።

«ከቤት የወጣ ተክል ቅጠሉ ከፀሐዩ ጋር ይለማመዳል»

በጣም የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ነው። ፀሐይ ላይ ያደገ ቅጠል ወፍራም ነው፤ ብርሃን ተቀባይ አንቴናው ትንሽ፣ ሩቢስኮው ብዙ ነው። ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ያለቀ ቅጠል ኬሚስትሪውን በቀናት ውስጥ ትንሽ ያስተካክል እንጂ ውፍረቱን መለወጥ አይችልም። ፀሐዩን በሚገባ የሚችለው እዚያው የሚወጣው አዲሱ ቅጠል ነው።

ስለዚህ ማላመዱ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ለ1 ወይም 2 ሰዓት ብቻ ይስጡት፣ በየ1 ወይም 2 ቀኑ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። የቀትሩ ፀሐይ መጨረሻ ይምጣ። ሰዓት መቁጠር ካልተመቸዎት መጀመሪያ ግማሹን ብርሃን የሚጋርድ መረብ ዘርግተው በኋላ 30 በመቶ በሚጋርድ ይተኩት። አፈሩ እንዳይደርቅ ይጠብቁ፤ ስቶማታ ሲዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ የተረፈው ጉልበትም ይበዛል።

ነጭ ወይም ገለባ መሳይ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ከታየ ቅርጹን ይመልከቱ። ሌላ ቅጠል የጋረደው ቦታ እንደ ማህተም አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ያቃጠለው ፀሐይ ነው፣ ማዳበሪያ አይፈታውም። ነጩ ቦታ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ቅጠሉን ግን ቶሎ አይቁረጡት፤ የተረፈው አረንጓዴ አዲሶቹ ቅጠሎች እስኪወጡ ተክሉን ይመግባል።