ጦሳን የሚወጣው እግር ቤት ውስጥ ለምን ይወድቃል?

አጎቴ 71 ዓመቱ ነው። ደሴ ውስጥ ከእሱ ጋር ዳገት የሚወጣ ወጣት ማግኘት ይቸግራል። ሱብሂን፣ የንጋት ሶላቱን፣ ይሰግድና ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ጦሳ ተራራ ይነሳል። ቁርስ ሳይቀርብ ተመልሶ ቁጭ ይላል። እኔ አንድ ሁለቴ አብሬው ሞክሬያለሁ። ከኋላው እያለከለክሁ ስመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ና በል፣ ምን ሆነሃል?» ይለኛል።

ባለፈው ክረምት ይሄ ሰውዬ ወደቀ። ጦሳ ላይ አይደለም። ሐረጎ ቁልቁለት ላይም አይደለም። ቤቱ ውስጥ፣ ውዱእ ሲያደርግ፣ ለሶላት ሲታጠብ። ቀኝ እግሩን ሊያጥብ አነሳ፤ በግራው ቆመ፤ ግራው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ወዲያ፣ እሱ ወዲህ። አጥንቱ ተርፏል፣ አልሃምዱሊላህ። ዳሌው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ሰነበተ። እሱን የቆጨው ሕመሙ አይደለም። «ተራራ ያልጣለኝን ሲሚንቶ ይጣለኝ?» አለ።

ከዚያ ወዲህ በየቡናው ይሄን ወሬ ሳነሳ የሚመለሱልኝ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት ናቸው። አንዳንዶቹ ሰው ይሰብራሉ።

«ዳገት የሚወጣ ሰው ሚዛኑን አይስትም»

የእኛ አገር ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላ፣ ገበያ ለመሄድም ለቅሶ ለመድረስም ዳገትና ቁልቁለት ነው። ስለዚህ የሽማግሌዎቻችን ልብና ሳንባ ጠንካራ ነው። እግራቸውም ጠንካራ ነው። ሚዛን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰውነት ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከሦስት ቦታ በሚመጣ ወሬ ነው። አንዱ ከዓይን። አንዱ ከውስጠኛው ጆሮ። ሦስተኛው ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያዎች። አእምሮ ሦስቱን አጣምሮ ጡንቻን «ያዝ፣ ልቀቅ» ይለዋል። ዕድሜ ሲገፋ ሦስቱም ወሬ አቀባዮች ቀስ በቀስ ይደክማሉ፤ ትእዛዙም ይዘገያል። ይሄን ደግሞ ልብ መሮጡ አያስተካክለውም።

ሌላም ነገር አለ። ስንራመድ አንድ እግር ላይ ብቻ የምንቆየው ግማሽ ሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ ነው፤ ወዲያው ሌላው እግር ይደርስልናል። እግር አንስቶ ጣት በጣት ማጠብ ግን አሥር ሰከንድ ይፈጃል። ሱሪ መልበስም እንደዚያው ነው። አጎቴ በሺህ የሚቆጠር እርምጃ በየቀኑ ይለማመዳል፤ አሥር ሰከንድ በአንድ እግር መቆምን ግን ማን አለማመደው?

እ.ኤ.አ. በ2022 ብራዚል ውስጥ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው 1,702 ሰዎች ለ10 ሰከንድ በአንድ እግር እንዲቆሙ ተጠየቁ። ከአምስቱ አንዱ ገደማ አልቻለም። ያልቻሉት በቀጣዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከቻሉት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። እግር ማንሳት ያቃተው ሰው ይሞታል ማለት አይደለም፤ ሚዛን የውስጥን ጤና ያሳብቃል ማለት ነው።

አጎቴን ግድግዳ አጠገብ አቁሜ በስልኬ ለካሁት። አራት ሰከንድ። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነስቶ እንደሚቀመጥ ቆጠርሁ። አሥራ ስድስት! አሜሪካኖቹ በሚጠቀሙበት መለኪያ ከ70 እስከ 74 ዓመት ያለ ወንድ ከ12 በታች፣ ሴት ከ10 በታች ካመጡ ነው ደካማ የሚባሉት። እንግዲህ ጭኑ የጎረምሳ ነው፤ ሚዛኑ ግን የሽማግሌ። ሁለቱ አንድ ሰውነት ውስጥ ተቀምጠው አይተዋወቁም።

ስለ ቁልቁለትም ልጨምር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን በእግሩ የወረደ ሰው ጉልበቱ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያውቀዋል። ሲወጡ ጭን እያጠረ ይገፋል፤ ሲወርዱ ደግሞ እየተለጠጠ ያግዳል። ማገድ ነው ከመውደቅ የሚያድነው። ግን ብዙ ሽማግሌዎች ዳገቱን በእግር ወጥተው ሲመለሱ ባጃጅ ይይዛሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቀስ ብሎ መውረዱ ነው የሚያተርፈው፤ ጉልበታቸው ካላመማቸው።

አንዲት ነገር በዚሁ ላይ። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1997 እንደጻፉት፣ በእርምጃ ላይ ሳሉ ሲያናግሯቸው ቆመው የሚመልሱ አዛውንቶች፣ እየሄዱ ከሚመልሱት ይልቅ በኋላ ሲወድቁ ተገኝተዋል። አእምሮ ሁለቱን ሥራ አብሮ መያዝ ስላቃተው ነው። ይሄ መፈተኛ ወሎ ላይ አይሠራም። እዚህ ቆሞ ሰላም ያላለ፣ ልጅ ከብት ያልጠየቀ ሰው ባለጌ ነው።

«ካረጁ በኋላ ጡንቻ አይመጣም»

ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆኑ አሥር ሰዎች የእግር ክብደት ማንሳት ጀመሩ። ስምንት ሳምንቱን የጨረሱት ጉልበታቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በመስመር ላይ የመራመድ ፍጥነታቸውም በ48 በመቶ ተሻሻለ። እንግዲህ 90 ዓመት! እኛ ጋ ሰው በ60ው «በቃኝ» ብሎ ጋቢውን ይከናነባል።

ጂም ያስፈልጋል ለሚሉኝ፦ አያስፈልግም። ወንበር፣ ግድግዳና ትዕግሥት ይበቃል። እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። በርጩማ ዝቅ ስለሚል በሱ አትጀምሩ። ግድግዳ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፤ ባትን ያጠነክራል። ወደ ጎን መራመድ። ተረከዝን ከጣት ማገናኘት። በአንድ እግር መቆም፤ መጀመሪያ በሁለት እጅ ይዞ፣ ከዚያ በአንድ እጅ፣ ከዚያ በአንድ ጣት። የዓለም ጤና ድርጅት ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚመክረው ሚዛንንና ጉልበትን አንድ ላይ የሚያሠራ እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ነው። ይሄ ከእግር ጉዞው በተጨማሪ ነው፤ በእሱ ምትክ አይደለም።

«ሶላትም ስግደትም ስፖርት ነው፣ ይበቃል»

ይሄን ስጽፍ ትንሽ ፈርቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። በቀን 17 ረከዓ (ዙር) ፈርድ፣ ግዴታውን ሶላት፣ የሚሰግድ ሰው 34 ጊዜ ሱጁድ ይወርዳል፣ ግንባሩን መሬት ያስነካል፤ በሕማማት የሚሰግዱት እናቶችም ጭናቸው ቀላል ሥራ አይሠራም። ከመሬት መነሳት መቻል ራሱ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ሰውነት የለመደውን ነገር አርባ ዓመት ሲደጋግም አዲስ አይማርም። በዚያ ላይ ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ ናቸው። አጎቴ አንድ ቀን ሶላት አሳልፎ አያውቅም፤ የወደቀው ግን ለሶላቱ ሲዘጋጅ ነው። ኢባዳ ለአላህ ነው፤ ለሚዛን ደግሞ አምስት ደቂቃ ይጨመር።

«ሰው የሚወድቀው ገደል ጋ ነው»

የደሴውን አዝዋ ገደል ሁሉም ይፈራዋል፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ ሁሉም ይጠነቀቃል። ቤት ውስጥ ማን ይጠነቀቃል? ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ በጨለማ መነሳት። የረጠበ ሲሚንቶ። ያለቀ ነጠላ ጫማ። የሚጎተት ጋቢ። ለቡና የተነጠፈ ቄጤማ ደግሞ ሽታው ደስ ይላል እንጂ እርጥብ ሲሆን ሳሙና ነው። የዓይን ሞራም አትርሱ። ከሦስቱ ወሬ አቀባዮች አንዱን ነው የሚጋርደው።

«ከወደቁ በኋላ አርፎ መቀመጥ ነው»

አክስቴ አጎቴ በወደቀ ማግስት ዱላውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከፍቅር ነው፤ ግን ተሳስታለች። የፈራ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ያልተንቀሳቀሰ እግር ይሰልላል፤ የሰለለ እግር እንደገና ይጥላል። ጉዳቱ ከታየና ከተረጋገጠ በኋላ ቶሎ ወደ እንቅስቃሴ መመለስ ይሻላል።

«ከታየ በኋላ» ያልሁት በምክንያት ነው። እግሩ ላይ መቆም ካቃተው፣ ዳሌው ወይም ብሽሽቱ ክፉኛ ካመመው፣ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ወጌሻ ጋ አይደለም። የተሰበረ ዳሌ ሲታሽና ሲጎተት ይብስበታል።

«ከዘራ የያዘ ሰው አለቀለት»

የወሎ ሽማግሌ ዱላ የሚይዘው ትከሻው ላይ ነው። መሬት ካስነካው ሰው «ደከሙ» ይለዋል ብሎ ይፈራል። ከዘራ ግን ሦስተኛ እግር ነው፤ የያዘ ሰው የበለጠ ሩቅ ይሄዳል። ብቻ አያያዙን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቁመቱ፣ ቀጥ ብለው ቆመው እጅ ሲንጠለጠል፣ የእጅ አንጓ ጋ ይድረስ። የሚያዘው ደግሞ ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ቀኝ እግሩን የሚያመው በግራ እጁ ይያዝ። ከዘራውና የሚያመው እግር አብረው ይራመዳሉ።

«ዞረበት፤ ደም አንሶት ነው»

ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ከመኝታ ወይም ከመቀመጫ ሲነሱ የደም ግፊት ድንገት ስለሚወርድ ነው። በተነሱ በ3 ደቂቃ ውስጥ የግፊቱ የላይኛው ቁጥር በ20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪሞች ከቁም ነገር ይቆጥሩታል። የግፊት መድኃኒትና የውሃ ማነስ ያባብሱታል፤ ለጾመኛ ደግሞ በተለይ። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትንሽ መቆየት፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ መነሳት። መድኃኒቱን በራስ ማቆም አይገባም፤ ለሐኪም መንገር ነው።

አጎቴ አሁን ውዱእ የሚያደርገው አንድ እጁ ግድግዳው ላይ ሆኖ ነው። ማታ ማታ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ በር ይዞ በአንድ እግሩ ይቆማል። የልጅ ልጆቹ ጮክ ብለው ይቆጥሩለታል፤ አንዳንዴ እያጭበረበሩ ይዘልሉለታል። ትናንት ደውዬ ስንት እንደደረሰ ጠየቅሁት። «በቀኜ አሥራ አራት» አለኝ። «በግራህስ?» ስለው ስልኩን ለአክስቴ ሰጣት።