የልጆች የደም ካንሰር ዓይን ላይ ሲታይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የደም ካንሰር ከዓይን ጋር ምን አገናኘው?»

ብዙ ነገር። ሉኬሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ የሚጀምረው ደም ከሚመረትበት ከአጥንት መቅኔ ነው። የታመሙት ሴሎች መቅኔውን ሲያጣብቡት ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ያንሳል። ያኔ ቀጫጭኖቹ የዓይን ደም ሥሮች በቀላሉ ይደማሉ፤ ልጁ ሳይመታ የዓይኑ ነጭ ክፍል ደም ሊቋጥር ይችላል። የካንሰር ሴሎቹ ከዓይን ኋላ ሲጠራቀሙ ደግሞ ዓይኑ ይፈጥጣል። የአንጎል ሽፋን ወይም የዓይን ነርቭ ጋ ከደረሱ ልጁ በድንገት ሊንሸዋረር፣ እይታውም ሊደበዝዝ ይችላል።

«ደህና እያየ ምን ሆነ ይባላል?»

ሬቲናው (ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ላይ ደም ፈሶም ልጁ ምንም ላይታወቀው ይችላል። የዓይን ሐኪም በጠብታ ብሌኑን አስፍቶ ካላየ በቀር አይገኝም።

«ዓይኑ ካበጠ ኢንፌክሽን ነው፤ መድኃኒት ገዝቶ መስጠት ነው።»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። እርግጥ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። ግን ኡጋንዳ ውስጥ የሠሩ ሐኪሞች ገና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዓይናቸው አካባቢ አብጦ በመጡ ሕፃናት ላይ ሉኬሚያ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ችግሩ የሚብሰው የተገዛው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን የሚባለው እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ ሲሆን ነው። ፕሬድኒሶሎን ራሱ የሉኬሚያ ሕክምና አካል ነው። ሳይመረመር የወሰደ ልጅ እብጠቱ ሊጎድል፣ ሊነቃቃም ይችላል፤ እናት «ተመስገን» ትላለች። በሽታው ግን ተደበቀ እንጂ አልሄደም። በኋላ የሚደረገውን ምርመራም ያደናግራል። እባካችሁ፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለልጅ አትስጡ።

«ብሌኑ ፎቶ ላይ ነጭ ካበራ ሉኬሚያ ነው።»

ይህ ይበልጥ የሚያስጠረጥረው ሬቲኖብላስቶማ የሚባለውን የዓይኑን የራሱን ካንሰር ነው። እሱም ቀጠሮ አይሰጥም።

«እንግዲያው ዓይኑ የቀላ ልጅ ሁሉ ያስፈራል።»

ኧረ አያስፈራም! አብዛኛው የዓይን ማዝ ወይም አለርጂ ነው። ሉኬሚያ መጀመሪያ በዓይን ብቻ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ሌላውንም አካሉን እዩ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጉ፤ ውስጡ ነጣ ብሏል? ሳይወድቅ ሰውነቱ ይበልዛል? ይነስረዋል? ትኩሳቱ ይመላለሳል? እግሬን እያለ ያነክሳል? ከነዚህ አንዱ ከዓይኑ ችግር ጋር ከመጣ የደም ቆጠራና የደም ስላይድ (ደሙ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት) ምርመራ ጠይቁ። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብ ይውሰድ፤ የደም ምርመራው ግን አይደር።

«ከታወቀስ ምን ዋጋ አለው? አይድንም።»

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ሊምፎብላስቲክ የሚባለው የሉኬሚያ ዓይነት ነው። ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ ይድናሉ። እኛም አገር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የልጆች ካንሰር ሕክምና ይሰጣል።