“ማስ ሂሮ” ምንድን ነው? በቺራንጂቪ የፊልም ሕይወት ሲታይ

እኛ ዘንድ “የህንድ ፊልም” ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የሙምባይ የሂንዲ ፊልም ነው። በአማርኛ ተተርጉመው ከምናያቸው ውስጥ ግን ብዙዎቹ፣ በተለይ አንድ ሰው ሃያ ጠላት ብቻውን የሚዘርርባቸው፣ ከደቡብ ህንድ የመጡ ናቸው። ከእነዚህም በቴሉጉ ቋንቋ የተሠሩት ጥቂት አይደሉም። ቴሉጉ የአንድራ ፕራዴሽና የቴላንጋና ክልሎች ቋንቋ ነው፤ በ2011 በተደረገው የህንድ ሕዝብ ቆጠራ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አፍ የፈቱበት ሆኖ ተመዝግቧል። የፊልም ሥራው ማዕከል ድሮ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ነበረች፤ ዛሬ ሃይደራባድ ናት። የዚህን ፊልም ዓለም ተዋናዮች መረዳት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ “ማስ ሂሮ” የሚለውን ቃል ማወቅ አለበት። (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

“ማስ” ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ይሁን እንጂ ቴሉጉ ተናጋሪው የራሱ አድርጎታል። ሰፊው ሕዝብ ማለት ነው፦ ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሪክሾ ነጂው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ቦታው ከፊት፣ ከስክሪኑ ሥር ነው። የዚያ ቦታ ርካሽ ቲኬት “ኔላ ቲኬት” ይባላል፤ ኔላ መሬት ማለት ነው። የ“ማስ” ተቃራኒ “ክላስ” ነው፤ ረጋ ያለ ታሪክና ጥሩ ሙዚቃ የሚፈልገው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ተመልካች።

ስለዚህ ማስ ሂሮ የሚባለው ዝነኛ ተዋናይ ሁሉ አይደለም። የኔላ ቲኬት የሚቆርጠው ሰው ፊልሙ ስለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ በስሙ ብቻ የመጀመሪያውን ቀን የመጀመሪያ ትዕይንት ለማየት የሚሰለፍለት ተዋናይ ነው። በምላሹ ተመልካቹ የሚጠብቃቸው ነገሮች አሉ። ጀግናው አይዋረድም፤ ቢዋረድም ዕዳውን ከነወለዱ ያስመልሳል። ይደባደባል፣ ይጨፍራል፣ ያስቃል፣ እናቱን ያከብራል። በመጨረሻም አይሞትም። ይህ በወረቀት ያልሰፈረ ውል ነው፤ የአንድ ማስ ሂሮ የሥራ ዘመን የሚቃናውም የሚጣመመውም በዚሁ ውል ነው። ከቺራንጂቪ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሙሉ ስሙ ኮኒዴላ ሲቫ ሳንካራ ቫራ ፕራሳድ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 1955 በምዕራብ ጎዳቫሪ፣ ሞጋልቱሩ በሚባል መንደር ተወለደ። አባቱ ተራ ፖሊስ ስለነበሩ በየጊዜው ከቦታ ቦታ ይዛወሩ ነበር። በንግድ ትምህርት ከኮሌጅ ተመርቆ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ማድራስ ወርዶ ትወና ተማረ። ለተመልካች መጀመሪያ የደረሰው ፊልሙ በ1978 የወጣው “ፕራናም ካሪዱ” ነው። በዚያን ጊዜ ሜዳው የኤን.ቲ. ራማ ራዎ፣ የአኪኔኒ ናጌስዋራ ራዎና የክሪሽና ነበር። አዲስ ሰው የሚሰጠው ትርፍራፊ ነው፦ ሁለተኛ ጀግና፣ ክፉ ባል፣ አጭበርባሪ። እሱም ያገኘውን ሁሉ ሠራ፤ በ1979 ኬ. ባላቻንደር ባዘጋጀው “ኢዲ ካታ ካዱ” ውስጥ ሚስቱን የሚያሰቃይ ክፉ ሰው ሆኖ ነው የታየው።

የሥራ ሕይወቱን የቀየረው በጥቅምት 1983 የወጣው “ካይዲ” ነው፤ እስረኛ ማለት ነው። የመንደር ባለጉልበት ቤተሰቡን ያጠፋበት ወጣት ከፖሊስ አምልጦ ይበቀላል። ታሪኩ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር የጀግናው ሰውነት ነበር። የቀድሞዎቹ ጀግኖች ግርማ ነበራቸው እንጂ እንዲህ አይዘሉም፤ በተለይም እንዲህ አይጨፍሩም። ከዚያ በኋላ በቴሉጉ ፊልም ውስጥ ዳንስ የማያውቅ ጀግና በኔላው ፊት መቆም እያቃተው ሄደ። የዛሬዎቹ ወጣት ተዋናዮች ከመጀመሪያ ፊልማቸው በፊት ዓመታት ዳንስ የሚለማመዱት በዚህ ምክንያት ነው። በ2024 ጊነስ የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ በ156 ፊልሞች፣ በ537 ዘፈኖች ውስጥ 24,000 የዳንስ እንቅስቃሴ እንዳሳየ መዝግቦለታል። “ሜጋስታር” የሚለው ማዕረግ በ1988ቱ “ማራና ሚሩዳንጋም” ከስሙ ጋር ተጣበቀ። እንዲህ ያለ ማዕረግ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ለብቻው በትልቁ ይጻፋል፤ የጭብጨባው አንድ አካል ነው።

የማስ ፊልምን ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር የጀግናው መግቢያ ስለሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ጀግናው ገና አልታየም። መጀመሪያ የሚታየው በደል ነው፦ ገበያተኛውን የሚያስገብር ወሮበላ፣ ወይም መሬት የሚነጥቅ ሀብታም። ተበዳዩ ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ካሜራው ዝቅ ይልና ጫማ ያሳያል። ቀጥሎ የእጅ አንጓ፣ ቀጥሎ ጀርባ። ፊት የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ በተጎተተ ምስልና በከፍተኛ ሙዚቃ ነው። ፊቱ ከታየ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች ቁም ነገር ያለው ንግግር አይነገርም። አዳራሹ በፉጨትና በጩኸት ስለሚናወጥ ቢነገርም አይሰማም፤ አዘጋጁ ለዚያ ጩኸት ሆን ብሎ ቦታ ይተዋል፣ የተቀደደ ወረቀትም ወደ ላይ ይበተናል። ያንኑ ትዕይንት ቤቱ ተቀምጦ በስልክ የሚያይ ሰው “ምን ይህን ያህል ያጓትተዋል?” ማለቱ አያስገርምም፤ ጩኸቱ የለማ! ከመግቢያው ድብድብ በኋላ ወዲያው የመግቢያ ዘፈን ይመጣል። ከዘፈኑ በኋላ ደግሞ እስከ ዕረፍት ድረስ ታሪኩ እየከረረ ሄዶ ትልቁ ፍጥጫ ልክ መብራት ሊበራ ሲል ይፈነዳል። ሰው ሻይ ሊጠጣ የሚወጣው ስለዚያ ፍጥጫ እያወራ መሆን አለበት። የማስ ፊልም ፈተና ዕረፍቱ ላይ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ውሉ ክብርን እንደሚሰጥ ሁሉ ያስራልም። ቺራንጂቪ በ1987 በኬ. ቪስዋናት “ስዋያምክሩሺ” ጫማ ሰፊ ሆኖ ተጫወተና የክልሉን የናንዲ ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ከዚያም አልፎ ሄደ። የገዛ ቤተሰቡ ገንዘብ አውጥቶ ባላቻንደር ያዘጋጀው “ሩድራቪና” የታላቅ ሙዚቀኛ ልጅ የአባቱን የዘር ኩራት ትቶ ከድሃው ጋር ሲቆም ያሳያል። በብሔራዊ አንድነት ላይ ከተሠሩ ፊልሞች ምርጡ ተብሎ የህንድን ብሔራዊ ሽልማት አገኘ፤ በገበያ ግን ወደቀ። ፊልሙ ግሩም ነው፤ እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ኔላው የተቀመጠው ሰው ግን ድብድብና ዳንስ ጠብቆ መጥቶ ምክርና ክላሲካል ዜማ ነው ያገኘው። እንዲህ ያለው መውደቅ ከተዋናዩ ችሎታ ጋር አይገናኝም፤ ተመልካቹ የከፈለበትን አላገኘም፣ በቃ። ቺራንጂቪም ትምህርቱን ወሰደና ወደ ማስ ተመለሰ፦ በ1990 ከስሪዴቪ ጋር “ጃጋዴካ ቪሩዱ አቲሎካ ሱንዳሪ”፣ በ1991 “ጋንግ ሊደር”፣ በ1992 “ጋራና ሞጉዱ”። የመጨረሻው ለአከፋፋዮች 10 ክሮር ሩፒ ያስገባ የመጀመሪያው የቴሉጉ ፊልም ይባላል።

እዚህ ላይ ገንዘቡን መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው። የቴሉጉ ፊልም ከመውጣቱ በፊት በየአካባቢው ለአከፋፋዮች ይሸጣል፦ ኒዛም (ሃይደራባድና አብዛኛው ቴላንጋና)፣ ሲዴድ (ራያላሲማ)፣ ኡታራንድራ፣ ምሥራቅ ጎዳቫሪ፣ ምዕራብ ጎዳቫሪ፣ ክሪሽና፣ ጉንቱርና ኔሎር። ሲዴድ የሚለው ስም የሃይደራባድ ገዥ በ1800 አካባቢውን ለእንግሊዞች አሳልፎ በመስጠቱ የቀረ ነው፤ ፊልም ነጋዴው ዛሬም በዚያው ይጠራዋል። አሁን አንድ አከፋፋይ የኒዛምን መብት በ20 ክሮር ገዛ እንበል። የቲኬት ሽያጩ 30 ክሮር ቢደርስ ወሬው “30 ክሮር አስገባ” ነው የሚለው። ግብርና የሲኒማ ቤት ድርሻ ተቀንሶ ለሰውየው የደረሰው 17 ክሮር ከሆነ ግን 3 ክሮር ከስሯል። በእነሱ ቋንቋ የደረሰው “ሼር”፣ የተሸጠው “ግሮስ” ይባላል። አንድ ፊልም ሰመረ ወይም ከሸፈ ሲባል መታየት ያለበት ሼሩ ከግዢው ዋጋ በልጧል ወይ የሚለው ነው።

ማስ ሂሮ ለነጋዴው የሚጠቅመው እዚህ ነው። ስሙ ብቻ አካባቢዎቹን አስቀድሞ ያሸጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናትም ይሞላሉ። ለዚህ ነው ትልልቅ ፊልሞች በጥር አጋማሽ ለሳንክራንቲ በዓል የሚወጡት፣ ከእኛ ጥምቀት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ። መኸር ተሰብስቧል፣ ሰው አገሩ ገብቷል፣ ኪሱም ደህና ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል፤ የተዋናዩ ክፍያ አስቀድሞ ስለሚወጣ ፊልሙ ቢወድቅ የሚጎዳው አከፋፋዩ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተከታታይ ፊልሞቹ ሲደክሙ ቺራንጂቪ ሥራውን ጋብ አድርጎ፣ በጥር 1997 አምስት እህቶቹን የሚጠብቅ ወንድም ሆኖ በ“ሂትለር” ተመለሰ። ከጦረኛነት ወደ ታላቅ ወንድምነት መሻገሩ ለዕድሜውም ለውሉም የሚስማማ ነበር፤ ሰዉም ተቀበለው።

የአድናቂዎች ማኅበር የዚህ ሁሉ ሌላው ምሰሶ ነው። ፊልም በሚወጣበት ቀን ቤት የሚያክል የጀግናውን ምስል ያቆማሉ፣ የአበባ ጉንጉን ያለብሱታል፣ ለአማልክት እንደሚደረገው ወተት ያፈሱበታል፣ ኮኮናት ይሰብራሉ። ቺራንጂቪ ይህን ጉልበት ወደ ሌላ ነገር ለማዞር በ1998 የደምና የዓይን ባንክ አቋቋመ፤ አድናቂዎቹ በልደቱ ቀን ደም መለገስን ልማድ አድርገውታል። ጉልበቱ መስመር ሲስት ደግሞ ሰው ይጎዳል። በታኅሣሥ 2024 ሃይደራባድ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት በተፈጠረ መገፋፋት አንዲት ሴት ሕይወቷ አልፏል።

ጭብጨባ ድምፅ ይሆናል ወይ? ኤን.ቲ. ራማ ራዎ በመጋቢት 1982 ፓርቲ መሥርተው፣ በታደሰች የሼቭሮሌት መኪና አገሩን ዞረው፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ የአንድራ ፕራዴሽን ክልል ሥልጣን ያዙ። ቺራንጂቪም በነሐሴ 2008 ፕራጃ ራጅያም የተባለ ፓርቲ አቋቋመ። በ2009 ምርጫ 16 በመቶ ገደማ ድምፅ ቢያገኝም ከ294 መቀመጫ የደረሰው 18 ብቻ ነው። እሱ ራሱ ቲሩፓቲን ሲያሸንፍ፣ በተወለደበት ወረዳ በፓላኮሉ ተሸነፈ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ራማ ራዎ የገጠማቸው በአምስት ዓመት አራት የክልል ዋና ሚኒስትር የቀያየረ፣ ሕዝብ የሰለቸው አንድ ፓርቲ ነበር። ቺራንጂቪ ግን ሥር በሰደዱ ሁለት ጎራዎች መካከል ገባ፤ በህንድ የምርጫ ሥርዓት ደግሞ በየቦታው የተበተነ ድምፅ መቀመጫ አይሆንም። በ2011 ፓርቲው ከህንድ ትልልቅ ፓርቲዎች አንዱ ከሆነው ከኮንግረስ ጋር ተዋሐደ፤ እሱም እስከ 2014 የቱሪዝም ሚኒስትር ዴኤታ ነበር።

በጥር 2017 በ“ካይዲ ቁጥር 150” ወደ ፊልም ሲመለስ ሲኒማ ቤቶች እንደ ድሮው ሞሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞ ግን ወጣ ገባ ነው። በ2022 ከልጁ ከራም ቻራን ጋር የሠራው “አቻሪያ” ከባድ ኪሳራ አመጣ። ለ2023 ሳንክራንቲ የወጣው “ዋልታየር ቪራያ” ተሳካ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የወጣው “ቦላ ሻንካር” ወደቀ። ይህ የመጨረሻው በ2015 ከወጣ የታሚል ፊልም እንደገና የተሠራ ነበር። ድሮ እንዲህ ያለ ሥራ አትራፊ ነበር፤ የአንድራ ገበሬ የታሚሉን አያየውም፣ ለእሱ ታሪኩ አዲስ ነው። “ጋራና ሞጉዱ” ራሱ ካንናዳ በተባለው የደቡብ ህንድ ቋንቋ ከተሠራ ፊልም የተወሰደ ነበር። ዛሬ ያው ገበሬ በስልኩ ዋናውን በቴሉጉ ድምፅ አይቶት ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያውን ቀን ከተሰለፉት በኋላ ለሁለተኛው ቀን የሚመጣ የሚጠፋውም ለዚህ ነው።