የሳይንቲስቶች ጃንጥላ ማኅበራት፦ ማንን፣ እንዴትስ ይወክላሉ?

ኬሚስቶች በየአገራቸው የኬሚስትሪ ማኅበር አላቸው፤ ፊዚሲስቶችም፣ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎችም እንዲሁ። ጃንጥላ ማኅበር የሚባለው ከእነዚህ በላይ ያለው ድርጅት ነው። አባላቱ ባብዛኛው ግለሰቦች ሳይሆኑ የሙያ ማኅበራት፣ የሳይንስ አካዳሚዎችና የምርምር ምክር ቤቶች ናቸው። መጠሪያው ፌዴሬሽን፣ ኅብረት፣ ዩኒየን ወይም ምክር ቤት ሊሆን ይችላል። አንድ ማኅበር ብቻውን የሚኒስቴር በር ቢያንኳኳ የሚሰማው ጥቂት ነው፤ ሃያ ማኅበራት በአንድ ደብዳቤ ላይ ሲፈርሙ ግን ጉዳዩ አጀንዳ ይሆናል። ጥያቄው ታዲያ በዚያ ደብዳቤ ላይ የሰፈረው ሐሳብ በእርግጥ የአባላቱ ነው ወይ የሚለው ነው። መልሱ ያለው በመተዳደሪያ ደንቡ፣ በመዋጮውና በድምፅ አሰጣጡ ውስጥ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት የአዋጅ ቁጥሮች ላይ ካሉት በቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ዓለም አቀፉ ምክር ቤት

ከሁሉም ሰፊው ጃንጥላ ዋና መሥሪያ ቤቱ ፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሳይንስ ምክር ቤት ነው። በ1931 የተቋቋመው የሳይንስ ዩኒየኖች ምክር ቤትና በ1952 የተቋቋመው የማኅበራዊ ሳይንስ ምክር ቤት በጁላይ 2018 ተዋህደው የፈጠሩት ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ደቡብ አፍሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዳያ ሬዲ ነበሩ።

ሙሉ አባላቱ ሁለት ወገን ናቸው፦ በሙያ ዘርፍ የተደራጁት ዓለም አቀፍ ዩኒየኖችና አገርን የሚወክሉት አካዳሚዎችና የምርምር ምክር ቤቶች። ሦስተኛዎቹ ተባባሪ አባላት ናቸው፤ በጉባኤው ይገኛሉ፣ ድምፅ ግን አይሰጡም። አደረጃጀቱ ብልህነት አለው። አንድ የጂኦፊዚክስ ባለሙያ በአገሩ አካዳሚም በሙያው ዩኒየንም በኩል ስለሚወከል፣ አገሩ ችላ ያለችው ጉዳይ በሌላው መንገድ ሊነሳለት ይችላል።

ድርጅቱ እዚህ የደረሰው ከባድ ስሕተት ሠርቶ ነው። በ1919 የተቋቋመው ቀዳሚው ዓለም አቀፍ የምርምር ምክር ቤት በአንደኛው የዓለም ጦርነት በተሸነፉት አገሮች፣ ማለትም በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በሃንጋሪና በቡልጋሪያ ላይ በሩን ዘግቶ ነበር። ክልከላው በ1926 ቢነሳም ጀርመን አልገባችም። በዚያን ጊዜ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ግንባር ቀደም የነበረች አገር የሌለችበት ድርጅት የዓለምን ሳይንስ እወክላለሁ ቢል የሚያምነው አልነበረም። በ1931 በአዲስ ስምና በአዲስ ደንብ እንደገና የተዋቀረው ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ የደረሰው ፕሮጀክት

ጃንጥላ ድርጅት ራሱ ቤተ ሙከራ የለውም። የሚችለው ባለቤቶቹን አንድ ላይ አስቀምጦ በአንድ የሥራ ዕቅድ ማስማማት ነው። ከዚህ ሁሉ ትልቁ ምሳሌ ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። 67 አገሮች ተሳትፈውበታል። ሶቪየት ኅብረትና አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን ሳተላይቶቻቸውን ያመጠቁት በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ሁለቱ ኃያላን በጦር መሣሪያ እየተፎካከሩ ሳሉ የምድርን መግነጢስ፣ የከባቢ አየርንና የውቅያኖስን ልኬት መለዋወጥ የቻሉት ጠሪው መንግሥት ሳይሆን የሳይንስ ዩኒየኖቹ ምክር ቤት ስለነበረ ነው። መረጃው አንድ ቦታ ብቻ ቢቀመጥ ሊጠፋ ወይም ሊከለከል ይችላል ተብሎ የዓለም የመረጃ ማዕከላት ተቋቋሙ፤ አንዱ አሜሪካ፣ ሌላው ሶቪየት ኅብረት፣ ሦስተኛው ደግሞ በምዕራብ አውሮፓና በሌሎች አገሮች ተከፋፍሎ። የተሰበሰበውም በየማዕከላቱ በቅጂ እንዲቀመጥ ተደረገ።

የአዲስ አበባ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪም የዚሁ ዓመት ፍሬ ነው። ቦታው የተመረጠው መግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚሆንበት መስመር፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ስለሚያልፍ ነው። በዚህ መስመር ላይ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ጅረቱ በምድር መግነጢስ ላይ የሚያሳድረውን ለውጥ ለመከታተል ጣቢያው መስመሩ አጠገብ መሆን አለበት፤ አውሮፓ ላይ የተተከለ መሣሪያ አያየውም። ኦብዘርቫቶሪው በ1958 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሥር ሲቋቋም ኃላፊው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዋ ነበሩ። ሥራው በመግነጢስ አልቆመም። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ተጨምሮበት በ1961 ካራ ቆሬን፣ በ1969 ሰርዶን የመታው ነውጥ በአገር ውስጥ ለመጠናት በቃ። ዛሬም ተቋሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ። ዩኒየኖቹ የፈለጉት አንድ የመግነጢስ ልኬት ነበር፤ ኢትዮጵያ ያገኘችው ግን ስምጥ ሸለቆዋን የምትከታተልበት ጣቢያ ነው።

ስምና መለኪያ ማውጣት

የዩኒየኖች የዕለት ተዕለት ሥራ ብዙም አይታይም፤ ነገር ግን ሳይንቲስቶች ሁሉ የሚመኩበት ነው። የንጥረ ነገር ስያሜን እንውሰድ። አዲስ ንጥረ ነገር አግኝተናል የሚል ቡድን ስም ማውጣት የሚችለው የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ዩኒየንና የፊዚክሱ ዩኒየን በጋራ የሚሰይሟቸው ባለሙያዎች ማስረጃውን መርምረው ግኝቱ የእርሱ ነው ሲሉ ብቻ ነው። 113ኛው፣ 115ኛው፣ 117ኛውና 118ኛው ንጥረ ነገሮች ባለቤታቸው የታወቀው በዲሴምበር 2015 መጨረሻ ነበር። ስሞቹ በጁን 8, 2016 ለሕዝብ ቀረቡ። ለአምስት ወራት አስተያየት ሲሰበሰብ ቆይቶ በኖቬምበር 28 ኒሆኒየም፣ ሞስኮቪየም፣ ቴነሲን እና ኦጋነሰን ተብለው ጸደቁ። የስሞቹ መጨረሻ እንኳ በደንብ የተወሰነ ነው፦ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ በ17ኛው ዓምድ ያለው «ኢን»፣ በ18ኛው ያለው «ኦን»፣ የቀሩት «ኢየም» ብለው ያበቃሉ። ባለቤትነቱ ሳይጣራ ስም ቢወጣ ምን እንደሚሆን በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ታይቷል፤ ለአንድ ንጥረ ነገር አሜሪካኖቹ አንድ ስም፣ ሶቪየቶቹ ሌላ ስም ሰጥተው መጻሕፍት ለዓመታት ተለያይተው ቆዩ።

ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ዩኒየን ከሌሎቹ ለየት ይላል፤ ከአገሮች በተጨማሪ ግለሰብ አስትሮኖመሮችንም በአባልነት ይይዛል። የውክልናን ችግር ከእርሱ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። በኦገስት 24, 2006 ፕራግ ላይ ፕሉቶ ከፕላኔትነት ወደ ድንክ ፕላኔትነት ዝቅ እንድትል ሲወሰን ድምፅ የሰጡት በአዳራሹ የነበሩ 424 ሰዎች ነበሩ፤ አባላቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ። ጉባኤው ሊያበቃ ሲል ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበርና ውሳኔው እስከ ዛሬ ይነቀፋል። ሳይንሱ ምንም ይሁን፣ የድምፅ አሰጣጡ ትችት ተገቢ ነበር። ዩኒየኑም ከዚያ ተምሯል። በ2018 የዩኒቨርስን መስፋፋት የሚገልጸው ሕግ የሀብልና የለሜትር ተብሎ ይጠራ የሚለው ሐሳብ ለሁሉም አባላት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ቀረበ፤ ከ11,072 አባላት 4,060ው ድምፅ ሰጡ፣ 78 በመቶውም ደገፉት። አሁንም ግማሽ አልሞላም፤ ሆኖም ከአዳራሹ ጋር አይወዳደርም። ይኸው ዩኒየን በ2019 በየአገሩ ላሉ ሕዝቦች አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ተብሎ በይፋ ተመዝግቧል።

የአቋም መግለጫ እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ መንግሥት የምርምር ሕግ ሲያረቅ ወይም የፓርላማ ኮሚቴ አስተያየት ሲጠይቅ የጃንጥላው ጽሕፈት ቤት ረቂቁን ለአባል ማኅበራት ይልካል። ሲልክ ዋና ዋና ጥያቄዎችን ለይቶ ካላያያዘ የሚመጣው መልስ እርስ በርሱ አይገጣጠምም። መልሶቹ ተሰብስበው የመጀመሪያው ጽሑፍ ይዘጋጃል፣ ለአባላት ተመልሶ ይሄዳል፣ ታርሞ በሥራ አስፈፃሚው ይጸድቃል፣ የደገፉት ማኅበራት ስም ታክሎበት ይወጣል።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በጊዜ ገደቡ ነው። ትልቅ ማኅበር በደመወዝ የሚሠሩ የፖሊሲ ባለሙያዎች አሉት፤ በሳምንት ውስጥ አሥር ገጽ ይልካል። ትንሹን ማኅበር የሚመራው ማስተማሩንና ፈተና ማረሙን ሳይተው በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ መምህር ነው። ሥራ አስፈፃሚውን ሰብስቦ መልስ እስኪያዘጋጅ ቀኑ ያልፋል፤ በዚህም የትልቁ ማኅበር ሐሳብ የሁሉም መስሎ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለትናንሾቹ በስልክ ደውሎ አስተያየታቸውን በቃል መቀበል። ይህን የሚያደርግ ጽሕፈት ቤት ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛው ብልሽት ሁሉንም ለማስማማት ሲባል ጽሑፉ ምንም የማይል እስኪሆን መለዘቡ ነው። የተለየ ሐሳብ ያለው ማኅበር ስሙ ተጠቅሶ ልዩነቱ በአባሪ ቢሰፍር ተቀባዩ ባለሥልጣን የበለጠ ይጠቀማል። ሦስተኛው፣ ትልልቆቹ ማኅበራት ከጃንጥላው ውጭ የራሳቸውንም ደብዳቤ ሲልኩና ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው፤ ባለሥልጣኑ የሚስማማውን መርጦ ሌላውን ያስቀምጠዋል።

መዋጮና መብት

የአባልነት መዋጮ ባብዛኛው በደረጃ ነው፤ ብዙ ሳይንቲስት ያላት ሀብታም አገር የበለጠ ትከፍላለች። ያልከፈለ ድምፅ የመስጠት መብቱ ይታገዳል፣ ውዝፉ ሲበዛም ከአባልነት ይሰረዛል። ለአፍሪካ ማኅበራት አስቸጋሪው የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም። ክፍያው በዶላር ወይም በዩሮ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ በጀቱ ተይዞ ሳለ በዝውውር መዘግየት ብቻ ድምፅ ሊታጣ ይችላል። መዋጮውን የሚከፍለው አካል ሚኒስቴር ሆኖ ጉባኤ የሚሄደው ማኅበር ሲሆን ደግሞ ደረሰኙ በሁለቱ መካከል ይጠፋል።

መብትን በተመለከተ ዓለም አቀፉ ምክር ቤት የሳይንስን ነፃነትና ኃላፊነት የሚከታተል ኮሚቴ አለው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ቀዳሚው ምክር ቤት በ1963 የሳይንቲስቶችን ነፃ ዝውውር የሚከታተል ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ በቪዛ ምክንያት የምሥራቅ ጀርመን ሳይንቲስቶች ከስብሰባ ይቀሩ የነበረበት ዘመን ነውና። በ1982 በቻይናዋ ቤይጂንግና በታይዋኗ ታይፔ ያሉ ሳይንቲስቶች ሁለቱም በአንድ ምክር ቤት እንዲወከሉ የሚያስችል ቀመር ተገኘ፤ የታይፔው አባል የሚጠራው ታይፔ የሚገኘው አካዳሚ እየተባለ ነው። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርም ምክር ቤቱ ወረራው እንዳሳሰበው በግልጽ ተናግሮ፣ የሳይንስ ማኅበረሰቦችን ማግለል ግን ሁሉንም ይጎዳል ሲል አስጠነቀቀ። አቋሙ ብዙ ዩክሬናውያንን አላስደሰተም። የ1919ኙን ታሪክ ለሚያውቅ ግን እንግዳ አይደለም።

በሕግና በፈቃድ

አንዳንድ ጃንጥላዎች ባለሥልጣናትን ከማናገር አልፈው የሙያ ማዕረግ ይሰጣሉ። የብሪታንያው የሳይንስ ምክር ቤት በ2003 የንጉሣዊ ቻርተር አግኝቶ፣ ቻርተርድ ሳይንቲስት የሚባለውን ማዕረግ ፈቃድ በሰጣቸው አባል ማኅበራት በኩል ይሰጣል። ደቡብ አፍሪካ ጠንከር ያለውን መንገድ ይዛለች፤ በ2003 በወጣው ሕግ መሠረት የተፈጥሮ ሳይንስ ባለሙያዎች በምክር ቤት ይመዘገባሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1912 በሦስት ማኅበራት የተጀመረው የሥነ ሕይወት ማኅበራት ፌዴሬሽን ዋና ትኩረቱ የምርምር በጀትን በኮንግረስ ፊት መሟገት ነው።

በኢትዮጵያ በ2010 የተመሠረተውና በአዋጅ ቁጥር 783/2005 ሕጋዊ ዕውቅና ያገኘው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ለመንግሥት ምክር ይሰጣል፤ መቀመጫውም ጉለሌ በሚገኘው በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቤት ነው። አካዳሚው ግን በሥራቸው የተመረጡ ሊቃውንት ስብስብ እንጂ የማኅበራት ጃንጥላ አይደለም። ወጣት ተመራማሪና የቤተ ሙከራ ባለሙያ የሚወከሉት በየሙያ ማኅበራቸው ነው። የኬሚስትሪ ማኅበሩ ከ1987 ጀምሮ መጽሔት ያሳትማል፤ በ2006 የተመሠረተው የአፍሪካ ኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽንም መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሁለትና ከዚያ በላይ ድርጅቶች ኅብረት እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል። የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሥነ ሕይወት ማኅበራት በዚህ መንገድ ተሰባስበው ቢመዘገቡ በቅድሚያ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ሦስት ነገር መወሰን አለባቸው፦ መዋጮው በአባላት ቁጥር ይሁን ወይስ እኩል፣ ለአንድ ማኅበር ስንት ድምፅ፣ በኅብረቱ ስም መግለጫ የሚወጣውስ ስንት ማኅበራት ሲስማሙ ነው።