ከጠለፋና ከእገታ ተደፍራ ለተመለሰች ሴት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል።»
ብዙ ጉዳት የሚያመጣው ስህተት ይህ ነው። ለመታከም የፖሊስ ደብዳቤ አያስፈልግም። ክሱ በኋላም ይደርሳል፤ የኤችአይቪ መከላከያው ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ቢሠራም በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። መንገድ ሲዘጋ፣ ከዘጌ ወይም ከጣና ሐይቅ ደሴቶች ጀልባ ሲጠፋ፣ ሰዓቱ በመጠበቅ ያልቃል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መድረስ ካልተቻለ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይሞከር። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቋረጠው ማቅለሽለሽ ሲያስቸግር ወይም ሴቲቱ ተፈናቅላ ከቦታ ቦታ ስትዞር ነው። ስለዚህ ከምግብ ጋር ትውሰደው፣ የ28ቱም ቀን ባንድ ጊዜ እንዲሰጣት ይጠየቅላት። 72 ሰዓት ቢያልፍም ትሂድ፤ የአባላዘር በሽታ ሕክምና፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና የቁስል ሕክምና ማግኘት ትችላለች።

«ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ ትረፍ።»
ደግ አሳቢነት ነው፤ ማስረጃው ግን ከውሃው ጋር ይሄዳል። ከቻለች ከምርመራው በፊት አትታጠብ። ከታጠበችም ግን ከመሄድ አትቅር። ልብሱ በፌስታል አይታሰር፤ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል፣ ማስረጃውም ይበላሻል። ጥላ ላይ ደርቆ፣ እያንዳንዱ ለየብቻ በንጹሕ ወረቀት ይጠቅለል።

«ቁስል ከሌላት አልተደፈረችም።»
መሣሪያ የተደገነበት ሰው ይደርቃል፣ ድምፁም ይጠፋል። ብዙዎች ላይ ምንም ቁስል አይታይም። የድንግልና ምርመራ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲቀር ጠይቋል።

«ሽማግሌ ገብቶ ጠላፊው ካገባት ጉዳዩ አልቋል።»
አላለቀም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ሴትን ለጋብቻ መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። አስገድዶ መድፈሩም ለብቻው ያስጠይቀዋል።

«ካረገዘች መውለድ ግዴታዋ ነው።»
የዚሁ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ከመደፈር የመጣ እርግዝና እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ለዚህም ቃሏ ይበቃል፤ ፍርድ አይጠበቅም።

«ሁሉን ነግራን ይውጣላት።»
ለቡና የመጣ ጎረቤት ሁሉ «ምን አደረጉሽ?» ሲላት ቁስሉ በየቀኑ ይቀደዳል። እሷ የመረጠቻት አንዲት ሴት አብራት ትሁን፤ ውሃ ታቅርብላት፣ ዝምታዋንም ትታገሥ። ጥያቄ ካስፈለገ ይህ ይበቃል፦ «ከእኔ ሌላ ማን እንዲያውቅ ትፈልጊያለሽ?»