ስለ ፌዴራሊዝም ደጋግመን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ስለ ፌዴራሊዝም ሲነሣ ወሬው ቶሎ ይሞቃል። አንዱ «አገር ያፈረሰ ሥርዓት» ይለዋል፣ ሌላው «ሕልውናዬ ነው» ይላል፤ ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። ሥነ ዜጋ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከተማሪዎችም፣ ከወላጆችም፣ ከመምህራን ማረፊያ ክፍልም የሰማኋቸው አባባሎች ያው ተመሳሳይ ናቸው። ጉዳዩ የሰው ሕይወት የጠፋበት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም።

«ኤርትራ የተገነጠለችው በአንቀጽ 39 ነው»

አይደለም። የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ነው። የመገንጠል መብትን የያዘው አንቀጽ 39 ያለበት ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። አንቀጹ ሲጸድቅ የኤርትራ ነገር አልቆ ነበር።

ይልቅ ወደ ኋላ ሄደን ማየት ያለብን መስከረም 1945ን ነው። ኤርትራ ያኔ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ባንዲራ ነበራት፤ በትግርኛና በዓረብኛ ትሠራ ነበር። ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ተሸራረፈ። ነሐሴ 1953 ላይ ጠመንጃ ተነሣ፤ ኅዳር 1955 ላይ ፌዴሬሽኑ ጨርሶ ፈረሰ፤ ጦርነቱ እስከ 1983 ዘለቀ። ፌዴሬሽን አገር ይከፍላል ለሚል ሰው የምመልሰው ይህን ነው፦ እኛን ሠላሳ ዓመት ያዋጋን ፌዴሬሽን መኖሩ ሳይሆን መፍረሱ ነው።

አንቀጽ 39ም መገንጠል ብቻ አይደለም። በቋንቋ መናገርና መጻፍ፣ ባህልንና ታሪክን መንከባከብ፣ ራስን ማስተዳደር፣ በፌዴራል መንግሥት ውስጥ ተገቢ ውክልና ማግኘት በዚያው አንቀጽ ውስጥ አሉ። መገንጠልም ቢሆን በአንድ ጀምበር የሚሆን ነገር አይደለም፤ የሕዝቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መወሰን አለበት፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፣ ሀብት መከፋፈሉም አለ። እስካሁን ይህን መንገድ ሄዶ የጨረሰ የለም።

«በቋንቋ መስመር የተሠመረ አገር መበተኑ አይቀርም»

ዩጎዝላቪያና ሶቪየት ኅብረት ይጠቀሳሉ። እውነት ነው፣ ተበትነዋል። ግን ሁለቱም በወረቀት ፌዴሬሽን ሆነው አንድ ፓርቲ የሚወስንባቸው አገሮች ነበሩ፤ ፓርቲው ሲወድቅ ሪፐብሊኮቹን የሚያነጋግር ሌላ ተቋም አልቀረም።

ህንድን ደግሞ እንይ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ነህሩ በቋንቋ መከፋፈልን ይፈሩ ነበር። ፖቲ ስሪራሙሉ የተባለ ሰው ለቴሉጉ ተናጋሪዎች ክልል እንዲሰጥ በምግብ ማቆም አድማ ላይ ሳለ በ1952 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ሕዝቡ ገነፈለ፤ በዓመቱ የአንድራ ክልል ተመሠረተ። በ1956 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ካርታ በአብዛኛው በቋንቋ ተስተካከለ። ህንድ አልተበተነችም። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቴሉጉ የሚናገረው ቴላንጋና ቴሉጉ ከሚናገረው አንድራ ተለይቶ የራሱን ክልል አቆመ። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ የተጣሉት በልማት፣ በሥራና በውኃ ነበር።

«አንድ ቋንቋ ቢኖረን አንድ በሆንን ነበር»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከልባቸው አገር የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ነው የምመልሰው። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሃይማኖት ያላት ሶማሊያ በ1991 እ.ኤ.አ. መንግሥቷ ፈረሰ። ፓኪስታን ኡርዱን ብቻ የመንግሥት ቋንቋ አደርጋለሁ ብላ በ1952 እ.ኤ.አ. ቤንጋሊ በሚነገርበት ምሥራቃዊ ክፍሏ፣ ዳካ ላይ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ክፍል ባንግላዴሽ የሚባል ሌላ አገር ነበር።

ቅርባችን ያለው ግን የወላይታው ነው። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ ተብሎ ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» በሚል መጠሪያ የመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ። በባለሙያ ዓይን ወጪ ቆጣቢ ሊመስል ይችላል። የወላይታ ሶዶ ሰው ግን ልጁ ይዞት የመጣውን መጽሐፍ ሲያይ የገዛ ቋንቋው ተበርዞ አገኘው። በ1992 ዓ.ም. ተቃውሞው ደም አፋሰሰ፤ መጻሕፍቱ ተነሡ፤ ብዙም ሳይቆይ የሰሜን ኦሞ ዞን ተከፋፍሎ ወላይታ የራሱን ዞን አገኘ። አንድ ለማድረግ የታሰበው ሥራ የነበረውን አንድነትም አሳጣ።

«እያንዳንዱ ብሔር የራሱ ክልል አለው»

ከ80 የሚበልጡ ብሔረሰቦች፣ 12 ክልሎች። ሒሳቡ ራሱ መልስ ነው። አብዛኛው ብሔረሰብ የሚተዳደረው በዞን፣ በልዩ ወረዳ ወይም በወረዳ ነው። ክልል የመሆን መብት በአንቀጽ 47 አለ፤ ሲዳማ ኅዳር 2012 ላይ ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆነ፤ የቀድሞው ደቡብም ዛሬ አራት ክልል ነው። ከአገር የወጣ ግን የለም። ስዊዘርላንድም ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ጁራ ከበርን ተለይቶ የራሱ ካንቶን (የእነሱ ክልል) እንዲሆን ያደረገችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው።

«ክልሉ ስሙን የሰጠው ብሔር ንብረት ነው፤ ሌላው እንግዳ ነው»

ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዬን አጅቤ መታወቂያ ልታወጣ ሄድን። እናቷ ካፊቾ፣ አባቷ ኦሮሞ፣ እሷ የተወለደችው በሌላ ክልል ከተማ። ቅጹ ላይ «ብሔር» የሚል ሣጥን አለ። «ሁለቱንም ልጻፍ?» አለች። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «የአባትሽን ጻፊ፣ የኔ እመቤት፤ ቦታው አንድ ነው» አለቻት። ልጅቷ እስክሪብቶውን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች።

ሕጉ ግልጽ ነው። አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመኖር፣ አንቀጽ 41 የመሥራት መብት ይሰጠዋል። ክልሎችም ቢሆኑ በውስጣቸው ላሉ ሌሎች ሕዝቦች ቦታ መስጠት እንደሚችሉ ያሳዩ አሉ፤ በአማራ ክልል የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች አሉ። ችግሩ ያለው ተሰባጥሮ የሚኖረው ሰው ላይ ነው፤ ዞን ሊሠመርለት አይችልም። ለእሱ የሚያስፈልገው የትም ቢሆን ሙሉ ዜጋ ሆኖ መመረጥና መምረጥ፣ ቤትና ሥራ ማግኘት ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን «የክልሉ ባለቤቶች» ይላቸዋል፤ ሌሎቹ ነዋሪዎች መኖራቸው ብቻ ይታወቃል። ለዘመናት የተገፉ ሕዝቦች ስለሆኑ ጥበቃ የሚገባቸው መሆኑን አልክድም። ነገር ግን «ባለቤት» የሚለው ቃል ጎረቤትን ተከራይ ያደርገዋል። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ እዚያው ክልል የሚኖሩ ዕጩዎች የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አያውቁም ተብለው ከውድድር ታገዱ። ጉዳዩ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ እኛ አገር ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው እሱ ነው። ምክር ቤቱ ለዕጩ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ይበቃዋል አለ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነበር። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ የተሰጠው ግን በ1995 ዓ.ም.፣ ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።