ፈጣን ለውጥና የማይገመት ለውጥ

«ተለዋዋጭ የሥራ አካባቢ» (በድርጅት ዙሪያ ያለው ገበያና ሁኔታ የሚለዋወጥበት) የሚለው ሐረግ ግሩፓችን ላይ ደጋግሞ ስላምታታን ላብራራ። ሁለት ነገር ለዩ፦ ለውጡ ምን ያህል ይፈጥናል? አስቀድሞስ ይገመታል?

ፒያሳ ያለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እንውሰድ። መስከረም ሲጠባ ደብተር ፈላጊው ይጎርፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀዘቅዛል። ለውጡ ፈጣን ነው፤ ግን ባለቤቱ ነሐሴ ላይ ዕቃውን አስገብቶ፣ ደብተሩን እስከ ጣሪያ ደርድሮ ይጠብቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ግን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና የባንክ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ። ለአስመጪ ከባዱ እንዲህ ያለው ነው፤ መዘጋጃ ጊዜ የለውም።

ልዩነቱ እርግጥ ነው። የሚያሳድረው ጫና ግን እንደ ድርጅቱ ነው፦ ሱቁ ባለበት ሕንፃ ላይ ያለ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ያንኑ ቀን ብዙም ሳይጨነቅ ሊያሳልፈው ይችላል።